ሎጋንኤርና የስኮትላንድ ደሴቶች በረራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ አከራካሪው የተደረደሩ ሲሆን፣ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎጋንኤር ምን ዓይነት አየር መንገድ ነው?

ሎጋንኤር በ1962 የተቋቋመ የስኮትላንድ አየር መንገድ ነው። በብሪታንያ ከተሞች መካከል የሚበርባቸው በርካታ መስመሮች ቢኖሩትም፣ ስሙ የሚነሣው በሰሜንና በምዕራብ ስኮትላንድ ባሕር ላይ ተበታትነው የሚገኙትን ደሴቶች ከዋናው ምድር ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም ደሴትን ከደሴት ጋር በማገናኘቱ ነው። ኦርክኒ፣ ሼትላንድ፣ ስቶርኖዌይ፣ ባራ፣ ታይሪና አይላ ከሚያገለግላቸው ቦታዎች መካከል ናቸው።

አየር መንገዱ ለረጅም ጊዜ በራሱ ስም አልበረረም። ከ1994 ጀምሮ አውሮፕላኖቹ የብሪቲሽ ኤርዌይስን፣ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ፍላይቢ የተባለ ሌላ የብሪታንያ አየር መንገድን ቀለምና ስም ይዘው ይበሩ ስለነበር፣ በእነዚያ ዓመታት የተጓዙ ብዙ ሰዎች የተሳፈሩበት አውሮፕላን የሎጋንኤር መሆኑን ላያውቁ ይችላሉ። ወደ ራሱ ስም የተመለሰው በመስከረም 2017 ነው። ፍላይቢ በመጋቢት 2020 ሲከስር ከተቋረጡት መስመሮች ከፊሎቹን የተረከበውም ይኸው አየር መንገድ ነበር።

ማን መሠረተው? ለምንስ ተመሠረተ?

መሥራቹ ዊሊ ሎጋን የተባለ የሕንፃና የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነበር። ኩባንያው በደንዲ ከተማ የሚገኘውን የቴይ መኪና ድልድይ የሠራ ሲሆን፣ የሥራ ቦታዎቹ በመላ ስኮትላንድ የተራራቁ ስለነበሩ ሠራተኞቹን በፍጥነት የሚያደርስለት አንድ ትንሽ አውሮፕላን ያስፈልገው ነበር። ሎጋንኤር የተጀመረው በዚህ ዓላማ፣ በፓይፐር አዝቴክ አውሮፕላን በሚሰጥ የአየር ታክሲ አገልግሎት ነው።

ሎጋን በጥር 1966 በኢንቨርነስ አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ፤ የዚያን ዕለት የተሳፈረው በሌላ ድርጅት አውሮፕላን ነበር። በ1968 ድርጅቱን የስኮትላንድ ሮያል ባንክ ገዝቶ እስከ 1983 ድረስ ይዞታል።

በደሴቶች መካከል የሚደረገው በረራ የት የት ይደርሳል?

ማዕከሉ የኦርክኒ ዋና ከተማ ከርክዎል ናት። ኦርክኒ ወደ 70 የሚጠጉ ደሴቶች ያሉት ሲሆን ሰው የሚኖርባቸው 20 ገደማ ናቸው። ትንሹ አውሮፕላን ከከርክዎል እየተነሣ ኢዴይን፣ ስትሮንሴይን፣ ሳንዴይን፣ ዌስትሬይን፣ ፓፓ ዌስትሬይንና ኖርዝ ሮናልድሴይን ያዳርሳል። አገልግሎቱ በመደበኛነት የተጀመረው በ1967 ነው።

የእነዚህን በረራዎች ክብደት ለመረዳት ኖርዝ ሮናልድሴይን ማየት ይበቃል። ከመቶ ያነሱ ሰዎች የሚኖሩባት ይህች ደሴት በሰሜን ጫፍ ለብቻዋ የምትገኝ በመሆኗ፣ የመርከቡ ጉዞ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ከመሆኑም ሌላ የሚመጣው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ግን ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ባለው ጊዜ ከከርክዎል ያደርሳል፤ ስለዚህ ጠዋት ሄዶ ጉዳዩን ፈጽሞ ማታ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ሰው ከአውሮፕላኑ በቀር ብዙ ምርጫ የለውም።

በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ እዚህ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረገው በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በፕሮግራሙ የተያዘለት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። ነፋሱ ሲመች ከዚያም ያንሳል፤ ፈጣኑ የተመዘገበው በረራ 53 ሴኮንድ ፈጅቷል። ርቀቱ አዲስ አበባ ቦሌ ላይ አንድ አውሮፕላን ለመነሣት ከሚንደረደርበት አስፋልት ርዝመት እንኳ ያነሰ ነው።

ይህን ያህል አጭር ከሆነ በጀልባ መሻገር አይሻልም?

በሁለቱ ደሴቶች መካከል ጀልባ አለ፤ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። ጥያቄው የሚነሣው ግን አውሮፕላኑ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ተብሎ የሚነሣ ስለሚመስል ነው። እንዲያ አይደለም። አውሮፕላኑ ከከርክዎል ተነሥቶ አንደኛው ደሴት ላይ ያርፋል፣ ተሳፋሪ አውርዶና ጭኖ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፣ ከዚያም ወደ ከርክዎል ይመለሳል። በመሠረቱ የሁለቱም ደሴቶች ሰዎች የሚፈልጉት ወደ ዋናዋ ከተማ መድረስ ነው፤ ያቺ ዝነኛ ሁለት ደቂቃም አንድ አውሮፕላን በአንድ ዙር ሁለት ደሴት እንዲያገለግል ሲባል የተፈጠረች የመንገዱ አካል ናት።

ወሬው ስለ 53 ሴኮንዱ ብቻ ሲሆን የሚጠፋው ነገር ይህ ነው። በአጭሩ በረራ መሳፈራቸውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ለመውሰድ የሚመጡት ጎብኚዎች ወንበር በመሙላት ያግዛሉ፤ በረራው ግን የተዘረጋው ለእነርሱ አልነበረም።

ታዲያ እነማን ይሳፈሩበታል?

በየደሴቱ ትምህርት ቤት ተዘዋውረው ሙዚቃ፣ ስፖርት ወይም ሌላ ልዩ ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞች፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ የአካባቢው ምክር ቤት ሠራተኞች፣ መብራትና ስልክ የሚጠግኑ ባለሙያዎች፣ የባንክ ሠራተኞችም ጭምር ይሳፈሩበታል። መቶ ሰው በማይሞላበት ደሴት እያንዳንዱን ባለሙያ በቋሚነት ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ ባለሙያው በሳምንት ወይም በወር የተወሰነ ቀን እየበረረ ይመጣል። የደሴቱ ሰዎችም በበኩላቸው ሆስፒታል ለቀጠሮ፣ ለገበያ፣ ለሠርግ ወይም ለቀብር ወደ ከርክዎል ይሄዳሉ። ደብዳቤና ጥቃቅን ዕቃም አብሮ ይጫናል።

ከጎብኚዎቹ መካከል ለታሪክ የሚመጡም አሉ። ፓፓ ዌስትሬይ ላይ ናፕ ኦቭ ሃዋር የሚባሉ ሁለት የድንጋይ ቤቶች የሚገኙ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ5,500 ዓመት በላይ በመሆኑ በሰሜን አውሮፓ እስከ ዛሬ ቆመው ከሚገኙ መኖሪያ ቤቶች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ይመደባሉ።

አውሮፕላኖቹ ምን ዓይነት ናቸው?

በኦርክኒ ደሴቶች መካከል የሚበረው ብሪተን-ኖርማን አይላንደር ነው። ጆን ብሪተንና ዴዝመንድ ኖርማን የተባሉ መሐንዲሶች በእንግሊዝ ደቡብ በምትገኘው ዋይት ደሴት የነደፉት ይህ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በሰኔ 1965 ነው። ክንፉ ከላይ ነው፣ ሁለት የፒስተን ሞተሮች አሉት፣ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ አይታጠፉም፤ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ተንደርድሮ ከሣር ወይም ከጠጠር ሜዳ ይነሣል። ስምንት ያህል ተሳፋሪ ይይዛል። አሠራሩ ሆን ተብሎ ቀላል የተደረገ ሲሆን፣ በቀን ብዙ ጊዜ ለሚያርፍና ለሚነሣ ሥራ ከዚህ የተሻለ ምርጫ ማግኘት እስካሁን አስቸጋሪ ሆኗል።

ከግላስጎው ወደ ባራ፣ ታይሪና ካምቤልታውን የሚበረው ደግሞ በካናዳ የተሠራው ትዊን ኦተር ነው። እርሱም የተወለደው በዚያው በ1965 ሲሆን፣ ሁለት ተርቦፕሮፕ ሞተሮች አሉት፤ እስከ 19 ሰው ይጭናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በሀገር ውስጥ በረራዎቹ ይጠቀምበት ስለነበር አንዳንድ አንባቢዎች ያስታውሱት ይሆናል። ሎጋንኤር ረዘም ባሉት መስመሮች ኤቲአር የተባሉትን ተለቅ ያሉ አውሮፕላኖች ያበርራል።

ባራ ላይ አውሮፕላኑ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ያርፋል የሚባለው እንዴት ነው?

የባራ አውሮፕላን ማረፊያ ትራይ ሞር የተባለ ሰፊ የባሕር ዳርቻ ነው። ባሕሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሣ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሲጎድል እርጥቡና ጠጣሩ አሸዋ አውሮፕላን የሚሸከም ሜዳ ይሆናል፣ ሲሞላ ደግሞ መንደርደሪያው በሙሉ ከውኃ በታች ይውላል። አሸዋው ላይ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተዘረጉ ሦስት መንደርደሪያዎች ሲኖሩ፣ ጫፎቻቸው በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ይታወቃሉ፤ አብራሪውም እንደ ነፋሱ አቅጣጫ አንዱን ይመርጣል። በዓለም ላይ መደበኛ በረራ እንዲህ ባለ፣ ባሕር እየሸፈነ በሚገልጠው ሜዳ ላይ የሚያስተናግድ ሌላ ማረፊያ የለም።

ከዚህ የተነሣ የበረራው ሰዓት ከቀን ወደ ቀን ይቀያየራል፤ የባሕሩ መሙላትና መጉደል በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ስለሚሄድ ፕሮግራሙም እርሱን መከተል አለበት። ዳርቻው ለሰውም ክፍት ነው፤ የአካባቢው ሰዎች አሸዋውን እየቆፈሩ የሚበሉትን ዛጎል ለቀማ ይወጡበታል። የነፋስ አመልካቹ ጨርቅ ተሰቅሎ ከታየ ግን ማረፊያው ሥራ ላይ ነው ማለት ስለሆነ ሁሉም ገለል ይላል። የጨው ውኃ ብረትን የሚበላ በመሆኑም አውሮፕላኖቹ ዘወትር መታጠብና በጥንቃቄ መመርመር ይኖርባቸዋል።

ባራ በ1936 በይፋ ማረፊያ ሆነ፤ አውሮፕላን ማረፍ የጀመረበት ግን ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከግላስጎው በአየር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ በመርከብ ለሚሄድ ሰው ከኦባን ወደብ ብቻ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

በትንሹ አውሮፕላን ለመሳፈር ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

አይላንደሩን የሚያበርረው አንድ አብራሪ ነው፤ አስተናጋጅ የለም፣ መጸዳጃም የለም፣ በአብራሪውና በተሳፋሪዎቹ መካከልም ግድግዳ አይኖርም። ቦታ ከጠበበ አንድ ተሳፋሪ ከአብራሪው ጎን ሊቀመጥ ይችላል። አውሮፕላኑ ቀላል ስለሆነ የሰውም የሻንጣም ክብደት በጥንቃቄ ይሰላል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነውም ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲባል ነው። ስለዚህ ሻንጣን ማቅለል፣ የሚፈቀደውን መጠንም ቲኬት ሲቆረጥ ማረጋገጥ ይገባል። ወንበሩ ጥቂት በመሆኑ በበጋ ወራት ቀደም ብሎ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል።

የአየር ጠባይ ሲበላሽ በረራው ይሰረዛል?

ይሰረዛል፤ ይዘገያልም። በትንንሾቹ ማረፊያዎች ላይ አውሮፕላንን በጉም ውስጥ መርተው የሚያሳርፉ መሣሪያዎች ስለሌሉ፣ አብራሪው ሜዳውን በዓይኑ ማየት አለበት። የሚገርመው፣ ኃይለኛ ነፋስ ከሚያስቀራቸው በረራዎች ይልቅ ሰውን በብዛት የሚያማርረው ከባሕር ተነሥቶ ሜዳውን የሚሸፍነው ጉም ነው፤ አይላንደር ብርቱ ነፋስን ፊት ለፊት እየተቀበለ ሊያርፍ ይችላል፣ ጉምን ግን አልፎ ማየት አይችልም። ከደሴት ተነሥቶ በዚያው ቀን ወደ ለንደን ወይም ወደ ውጭ ሀገር መብረር ያለበት ሰው አንድ ሌሊት መሃል ላይ ቢያስገባ ይመረጣል።

ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው ማን ነው?

አየር መንገዱ አይደለም። ከርክዎል፣ ባራ፣ ስቶርኖዌይ፣ ሰምበርግ፣ ታይሪና ሌሎችም በድምሩ 11 ማረፊያዎች በስኮትላንድ መንግሥት ባለቤትነት ሥር ባለ አንድ ኩባንያ ይተዳደራሉ። የኦርክኒ ትንንሽ ሜዳዎች ግን የአካባቢው ምክር ቤት ናቸው። እነዚህን ሜዳዎች የሚጠብቁት፣ የእሳት አደጋ መኪናውን የሚያዘጋጁትና ተሳፋሪ የሚቀበሉት በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ የደሴቱ ሰዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በሌላው ሰዓት ገበሬዎች ናቸው። ለሚበረው አውሮፕላን የሚከፈለው ገንዘብ በከፊል በዚያው ደሴት የሥራ ደመወዝ ሆኖ እንደሚቀር ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ሰው በጠና ቢታመም አውሮፕላኑ ይመጣል?

በስኮትላንድ ደሴቶች የአየር አምቡላንስ ታሪክ የሚጀምረው በግንቦት 1933 ነው፤ ያን ጊዜ አንድ በጠና የታመመ ዓሣ አጥማጅ ከአይላ ደሴት በአውሮፕላን ወደ ግላስጎው አካባቢ ተወስዶ ሕክምና አግኝቷል። ሎጋንኤር ከጊዜ በኋላ ይህን ሥራ ተረክቦ ለአሥርት ዓመታት አከናውኗል፤ አብራሪዎቹም በሌሊትና በክፉ የአየር ጠባይ ጭምር ይወጡ ነበር። ከ2006 ወዲህ ግን ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ያሉት የተለየ አገልግሎት ይሠራል። መደበኛው በረራ ድንገተኛ ላልሆነ ሕክምና የሚሄዱ ሰዎችን ማመላለሱን ቀጥሏል።

ስምንት ሰው የሚጭን አውሮፕላን እንዴት ያዋጣል?

በቲኬት ሽያጭ ብቻ አያዋጣም። ለዚህም ነው በርካታዎቹ መስመሮች የሕዝብ አገልግሎት ግዴታ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩት። መንግሥት ወይም የአካባቢው ምክር ቤት በሳምንት ስንት በረራ መኖር እንዳለበት፣ ስንት ወንበር እንደሚያስፈልግና የቲኬቱ ዋጋ ከስንት መብለጥ እንደሌለበት አስቀድሞ ይወስናል፤ ከዚያም ጨረታ ያወጣል። አሸናፊው ኩባንያ እስከ አራት ዓመት በሚደርስ ውል መስመሩን ለብቻው የማገልገል መብትና የጎደለውን የሚሞላ ድጎማ ያገኛል። የባራ፣ የታይሪና የካምቤልታውን መስመሮች በስኮትላንድ መንግሥት፣ የኦርክኒና የሼትላንድ የውስጥ በረራዎች ደግሞ በየምክር ቤቶቻቸው ይደጎማሉ። ጨረታ በመሆኑም አንድ መስመር ለዘላለም የአንድ ኩባንያ አይደለም፤ ለምሳሌ የሼትላንድን የውስጥ በረራ የሚሠራው ሌላ ድርጅት ነው።

ከዚህ የተለየው የነዋሪዎች ቅናሽ ነው። ከ2006 ጀምሮ በሩቅ ደሴቶችና በሰሜን ጫፍ የሚኖሩ ሰዎች ብቁ በሆኑ መስመሮች የቲኬት ዋጋ ይቀነስላቸዋል፤ ቅናሹ መጀመሪያ 40 በመቶ የነበረ ሲሆን በ2016 ወደ 50 በመቶ ከፍ ብሏል። መብቱ ለነዋሪ እንጂ ለጎብኚ አይደለም።

እንዲህ ያለ ትንሽ አውሮፕላን አደገኛ አይደለም?

አደጋ ደርሶ አያውቅም ማለት ሐሰት ይሆናል። በየካቲት 2001 ከኤድንብራ የተነሣ የሎጋንኤር የፖስታ ጭነት አውሮፕላን፣ ሌሊቱን በበረዶ ውስጥ ቆሞ ካደረ በኋላ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፍተው ባሕር ላይ ወድቋል፤ ሁለቱ አብራሪዎች ሞተዋል። መርማሪዎቹ እንዳመለከቱት፣ በክፉ የአየር ጠባይ የሞተሮቹን የአየር ማስገቢያ የሚሸፍን የተደነገገ አሠራር አልነበረም። በመጋቢት 2005 ደግሞ ሕመምተኛ ለማምጣት ወደ ካምቤልታውን በሌሊት ሲበር የነበረ አይላንደር ባሕር ውስጥ ገብቶ አብራሪውና አብሮት የነበረው የሕክምና ባለሙያ ሕይወታቸው አልፏል።

ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት በየቀኑ መንገደኛ በሚያመላልሱት የደሴቶቹ በረራዎች ላይ አልነበረም፤ ይህ ሲባል ግን ሙታኑን ማሳነስ አይገባም፤ እነዚያ ሰዎችም ለዚሁ ሕዝብ ሲያገለግሉ ነበር የሞቱት። ተሳፋሪ ሊያውቀው የሚገባው፣ አውሮፕላኑ ትንሽ መሆኑ ብቻውን አደገኛ እንደማያደርገው ነው። ዋናው ነገር አብራሪው ዛሬ አልበርም ሲል ማንም የማያስገድደው መሆኑ ነው፤ በጉም የተሰረዘ በረራ የሚያናድደውን ያህል ሥርዓቱ እየሠራ መሆኑንም ያሳያል።

ለጥቂት ሰዎች ይህን ያህል የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው?

ጥያቄው ቅን ስለሆነ ቅን መልስ ይገባዋል። በአንድ ተሳፋሪ ሒሳብ ሲሰላ ድጎማው ከከተማ አውቶቡስ እጅግ እንደሚበልጥ መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ወደ አንዲት የገጠር መንደር የሚወስድ አስፋልት ትርፍ ያስገባ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ ለእነዚህ ደሴቶች ይህ መንገድ በአየር ላይ የተዘረጋ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። በረራው ከቀረ ምክር ቤቱ መምህሩን፣ ሐኪሙንና ባለሙያውን በሌላ መንገድ ማድረስ ግዴታው ስለሆነ ወጪው ስሙን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።

የተቋረጠበት ዘመንም ነበር። ካፒቴን ቴድ ፍሬሰን የተባለ አብራሪ በ1933 ኢንቨርነስን ከከርክዎል በመደበኛ በረራ አገናኝቶ፣ በማግሥቱ ዓመትም በኦርክኒ ደሴቶች መካከል መብረር ጀመረ፤ በግንቦት 1934 በተራ ቴምብር ዋጋ የአየር ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ በብሪታንያ ውስጥ ያጓጓዘው እርሱ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የደሴቶቹ የውስጥ በረራ ቆመ፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 የፍሬሰን አየር መንገድ ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዞር ትንንሾቹ ደሴቶች አልታሰቡም። በ1967 አይላንደሩ እስኪመጣ ድረስ አንድ ትውልድ ያህል የቀራቸው መርከብ ብቻ ነበር። አገልግሎቱ አንዴ ከቆመ በቀላሉ እንደማይመለስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

የ1965 ንድፍ የሆኑት አውሮፕላኖች በኤሌክትሪክ አይተኩም?

ሙከራው እየተደረገ ነው፤ አጭር በረራም ለባትሪ የሚስማማ በመሆኑ ኦርክኒ ተመራጭ መሞከሪያ ሆናለች። በነሐሴ 2021 ግማሽ በኤሌክትሪክ ግማሽ በነዳጅ የሚሠራ አውሮፕላን በከርክዎልና በዋናው ምድር ሰሜን ጫፍ ባለችው ዊክ ከተማ መካከል በርሯል። አይላንደሩን በሃይድሮጅን ለማብረር የታቀደ ፕሮጀክትም በፍሬሰን ስም ተሰይሟል። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት በበኩሉ በ2021 ያለ አብራሪ በሚበር አውሮፕላን ከከርክዎል ወደ ኖርዝ ሮናልድሴይ፣ በ2023 ደግሞ በድሮን ወደ ግሬምሴይና ሆይ ደሴቶች ደብዳቤ አመላልሷል። ሆኖም ሰው የሚጭን አዲስ አውሮፕላን ፈቃድ ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል፤ ባትሪም ዛሬ ባለበት ደረጃ ከባድ ሲሆን፣ የአይላንደር ጥቅም ደግሞ ቀላል መሆኑ ላይ ነው።

ከቴክኒኩ እኩል የሚያስቸግረው ውሉ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ መስመሩን ሊነጠቅ የሚችል ኩባንያ ለሠላሳ ዓመት የሚያገለግል ውድ አውሮፕላን በራሱ ገንዘብ ይገዛል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ለባራ መስመር በ2015 ሥራ የጀመሩት ሁለት አዳዲስ ትዊን ኦተሮች በሕዝብ ገንዘብ ተገዝተው አየር መንገዱ እንዲያበርራቸው የተደረገው በዚህ ምክንያት ይመስላል፤ ለኦርክኒ አይላንደሮች ተተኪ ሲፈለግም ይኸው መንገድ ቢመረጥ አብራሪው ኩባንያ ቢቀየር እንኳ አውሮፕላኑ ከደሴቶቹ ጋር ይቀራል።